ስለ ኢና ፎረስት «የጡረታ ጨዋታ» የተባለው ነገር

አለላ፦
ትናንት ስለ ካናዳዊቷ የዊልቸር ከርሊንግ (ድንጋይ በበረዶ ላይ አንሸራትቶ ክብ ውስጥ የማስቆም ጨዋታ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ) ተጫዋች ኢና ፎረስት ሲወራ ግራ እጅ እንዲህ ብሎ ጽፎ ሄደ፦ «በ59 ዓመት ሜዳሊያ የሚገኝበት ነገር የጡረታ ጨዋታ እንጂ ስፖርት አይደለም።» ብዙ ሰው አጨበጨበለት። እኔን ግን እስካሁን ያቃጥለኛል። ሴትዮዋ በ21 ዓመቷ ሰክሮ የሚነዳ ሰው ገጭቷት ነው ወንበር ላይ የዋለችው። ከዚያ በኋላ በፓራሊምፒክ፣ ማለትም በአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ፣ በፈረንጆቹ 2010 ቫንኩቨር ላይ ወርቅ፣ በ2014 ሶቺ ላይ ወርቅ፣ በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ ነሐስ፣ በ2022 ቤጂንግ ላይ ነሐስ። እስከ 2022 አራት ጊዜ ሄዳ አንድም ጊዜ ባዶ እጇን አልተመለሰችም። ጡረታ ማለት ይህ ከሆነ እኔንም ዛሬውኑ ጡረታ አውጡኝ።

ግራ እጅ፦
እኔ ሴትዮዋን አልተናገርኩም፤ ጨዋታውን ነው የተናገርኩት። አንቺ ግን ስለ አደጋዋ ነገርሽን፤ አደጋው ልብ ይነካል እንጂ ክርክር አይሆንም። ጥያቄዬ አንድ ነው። ስፖርት ማለት ሰውነት የሚፈተንበት ከሆነ ሰውነት ሲደክም ውጤቱም መድከም አለበት። በ47 ዓመቷ ቫንኩቨር ላይም በ59 ዓመቷ ቤጂንግ ላይም ሜዳሊያ ከመጣ የተፈተነው ሰውነት አይደለም ማለት ነው።

ሸንጎ፦
ልጄ፣ ኦስካር ስዋን የሚባል ስዊድናዊ ተኳሽ በ1920 አንትወርፕ ኦሊምፒክ ላይ በ72 ዓመቱ የብር ሜዳሊያ ወስዷል። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሆኬትሱ በ2012 ለንደን ላይ በፈረስ ግልቢያ ሲወዳደር 71 ዓመቱ ነበር። በዚያው በከርሊንግ ደግሞ ራስ ሃዋርድ በ2006 ቱሪን ላይ በ50 ዓመቱ ወርቅ አጥልቋል፤ ያውም በኦሊምፒኩ። እነዚህንም ጡረታ ቤት ልታስገባቸው ነው?

ግራ እጅ፦
ጋሽ ሸንጎ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ የሆኬትሱን ነገር ባያነሡት ይሻልዎት ነበር። እዚያ የሚደክመው ፈረሱ ነው። ሃዋርድም ቢሆን እሱ አቅጣጫ ሲያሳይ በረዶውን በመጥረጊያ እየፈተጉ ላባቸውን የሚያፈሱት ወጣቶቹ ነበሩ። በዊልቸር ከርሊንግ ግን መጥረግ የሚባል ነገር የለም፤ ደንቡ አይፈቅድም። እንግዲህ ከከርሊንግ ላይ ላብ የሚያስወጣውን ክፍል ቆርጠው ጣሉት። የቀረው ግማሽ ጨዋታ ነው።

በረዶ ጠባቂ፦
«ግማሽ ጨዋታ»! ጡረታው አነሰና ግማሽ ተጨመረበት። መጥረግ ለምን እንደሚያገለግል ያወቅህ አልመሰለኝም። በረዶው ሲፈተግ ይሞቃል፣ ሰበቃው ይቀንሳል፣ ድንጋዩ ርቆና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ቆሞ የሚጫወተው ሰው ትንሽ አሳንሶ ቢለቅ ጓደኞቹ እየጠረጉ ያደርሱለታል። መጥረጊያ ማለት የስህተት መድን ነው። በዊልቸር ከርሊንግ ያ መድን ተነሥቷል። 20 ኪሎ የሚጠጋ ድንጋይ ከእጅህ ከወጣ በኋላ ማንም አይደርስልህም። ከመልቀቂያው መስመር እስከ ክቡ መሐል 28 ሜትር ያህል አለ፤ የክቡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ከ4 ሜትር በታች ነው። እጅህ ላይ በጣም ትንሽ ኃይል ከበዛ ድንጋዩ ክቡን አልፎ ይሄዳል። የቀረው ግማሹ ነው ካልክ የቀረው ከባዱ ግማሽ ነው።

ግራ እጅ፦
ከባድ አይደለም አላልኩም። ቼዝም ከባድ ነው።

አለላ፦
ይኸው፣ አሁን ቼዝ ሆነ። ነገ ዳማ ይላል።

በረዶ ጠባቂ፦
ቼዝ ላይ ወንበርህ ወደ ኋላ አይንሸራተትም! ወንበሩ መቆም አለበት፣ እግር በረዶውን መንካት የለበትም፣ ኃይሉ በሙሉ ከትከሻና ከክንድ ነው የሚመጣው፤ ዘንጉን በድንጋዩ እጀታ ላይ አጋጥመህ ትገፋለህ። ስለዚህ ሌላ ተጫዋች ከኋላ ተጠግቶ የራሱን ወንበር አቁሞ ያንተን ይይዝልሃል። ቆሞ የሚወረውር ሰው ከመነሻው በእግሩ ተስፈንጥሮ ከድንጋዩ ጋር እየተንሸራተተ ነው የሚለቀው፤ ግማሹን ሥራ እግሩና የሰውነቱ ክብደት ይሠሩለታል። ወገቡን ማዘዝ የማይችል ሰው ያንኑ ርቀት በክንዱ ብቻ ሲያደርስ አይተህ ታውቃለህ? ለተቀመጠ ሰው ሰማይ ቅርቡ ነው የሚባለው ላንተ ዓይነቱ ነው።

ሚዛን፦
በረዶ ጠባቂ፣ ስለ ዊልቸር ተጫዋቾች በምንከራከርበት ቦታ «ለተቀመጠ ሰው» ብሎ መተረት ምን ይባላል? ለእነሱ ስትሟገት እነሱኑ ወጋሃቸው።

በረዶ ጠባቂ፦
ተረቱ ሶፋ ላይ ሆኖ ለሚፈርድ ሰው ነው። ሁሉም ገብቶታል።

ሚዛን፦
ለእኔ አልገባኝም። ሌላ ተረት ጠፍቶ ነው?

ነገረኛው፦
ተረቱን ተዉትና ወደ ጡረታው ተመለሱ፤ ደስ ብሎኝ ነበር የማነበው።

ግራ እጅ፦
እመለሳለሁ። ጂም አርምስትሮንግን እንውሰድ። የካናዳ ቡድን መሪ ሆኖ በ2010ም በ2014ም ወርቅ ወስዷል። በሶቺ ስንት ዓመቱ ነበር? 63። እናንተ በ59 ስትቆጡ እኔ 63 አመጣሁላችሁ። ደግሞ ሰውዬው ቀድሞ በእግሩ ቆሞ በካናዳ ብሔራዊ ሻምፒዮና ብዙ ጊዜ የተሰለፈ፣ በአገሩ ከርሊንግ የዝና መዝገብ ውስጥ የገባ ታላቅ ተጫዋች ነበር። ከቆሙት ሲወጣ ከተቀመጡት ገባና አናት ላይ ወጣ። ይህ የሚነግራችሁ ነገር የለም?

ሸንጎ፦
የሚነግረኝማ አለ፤ ጨዋታው አንድ መሆኑን ይነግረኛል። በረዶ የማንበብ፣ አንዱን ድንጋይ በሌላው የማስመታት፣ የመጨረሻውን ድንጋይ ለማን ማስቀረት እንዳለበት የማሰብ ችሎታው አብሮት ተሻገረ። ጉልበቱና ጀርባው ነው የከዳው፤ በዚያ ላይ የመኪና አደጋ ደረሰበት። ታዲያ ምን ያድርግ? የሚያውቀውን ይርሳ?

ግራ እጅ፦
ይርሳ አላልኩም። ፍትሐዊ ነው ወይ ነው ያልኩት። ሄሊኮፕተር ተከስክሶበት ከመጀመሪያው ፊደል የተነሣው ማርክ አይድሰን እና ዕድሜውን በሙሉ ከርሊንግ ሲጫወት የኖረ ሰው አንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ?

በረዶ ጠባቂ፦
ሁለቱ በ2014 በአንድ ቡድን ነበሩ እኮ! አንድ ላይ ነው ወርቁን የወሰዱት። አይድሰን ከዚያ በኋላ ራሱ የቡድን መሪ ሆኖ በ2018 እና በ2022 ነሐስ አምጥቷል። ምሳሌህ ራስህን ከሰሰህ።

ምሥራቅ፦
ካናዳ፣ ካናዳ፣ ካናዳ። የዚህን ስፖርት ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁሉ ከ2014 ወዲህ መጽሐፉን ይዘጋል። ካናዳ በ2006፣ በ2010 እና በ2014 ወርቅ ወሰደች፤ እሺ። ከዚያስ? በ2018 ዋንግ ሃይታው የመራው የቻይና ቡድን ኖርዌይን በተጨማሪ ዙር 6 ለ 5 አሸነፈ። ቻይና በክረምት ፓራሊምፒክ ታሪኳ ያገኘችው የመጀመሪያ ሜዳሊያ ነው፤ የመጀመሪያ ወርቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ የመጀመሪያ ሜዳሊያ። በ2022 ደግሞ ስዊድንን 8 ለ 3። ያ ቡድን በ2014 በብሪታንያ ተሸንፎ አራተኛ የወጣ ነው። ስለ ተጫዋች ሕይወት ካነሣችሁ ዋንግ ሃይታውን አንሡ።

በረዶ ጠባቂ፦
ማን ከለከለህ? አንሣ። መንግሥት ሙሉ ቀን ያሠለጠነውን ቡድን ሥራ ውሎ ማታ ከሚለማመድ ሰው ጋር እያወዳደርክ መሆኑን ግን አትርሳ።

ምሥራቅ፦
ሲያሸንፉ ወርቅ፣ ሲሸነፉ ሰበብ። ካናዳ ሦስት ጊዜ ስትወስድ ስለ ሥልጠና ሰዓት ማንም አልጠየቀም። ሌላው ሲወስድ ነው ሰዓት መቁጠር የተጀመረው።

በረዶ ጠባቂ፦
ሰበብ አላቀረብኩም።

ምሥራቅ፦
ከላይ ያለውን ደግመህ አንብበው።

አለላ፦
እናንተ ደግሞ ባንዲራችሁን አጣጥፉ። እኔ ግራ እጅን ነው የፈለግሁት። «የጡረታ ጨዋታ» ያልከውን መልሰህ አልወሰድክም፤ ዙሪያውን ነው የምትሮጠው። ሶንያ ጎዴትን ታውቃታለህ? በ1997 ከፈረስ ወድቃ ነው የተጎዳችው። ዊልቸር ከርሊንግ በ2006 ቱሪን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓራሊምፒክ ሲገባ ወርቅ፣ ከዚያ ቫንኩቨር ወርቅ፣ ከዚያ ሶቺ ወርቅ። በሶቺ መክፈቻ የካናዳን ባንዲራ የያዘችው እሷ ናት። ቫንኩቨር ላይ ደቡብ ኮርያን ያሸነፉት 8 ለ 7 ነው፤ በአንድ ነጥብ። ጡረተኞች እንዲህ ይጨናነቃሉ?

ግራ እጅ፦
በአንድ ነጥብ ማለቅ ስፖርት አያደርገውም፤ ዕጣም በአንድ ቁጥር ያልቃል። ሌላም ልጨምርልሽ። ደንቡ በአራቱ ተጫዋቾች ውስጥ ሁለቱም ፆታ እንዲኖር ያስገድዳል። ስለዚህ ስንት ሴት ተጫዋች በችሎታዋ፣ ስንቷ ደንብ ለማሟላት እንደገባች በምን ታውቂያለሽ?

አለላ፦
አሁን ደግሞ ሴቶቹ ላይ መጣህ። ጠብቄህ ነበር።

ሚዛን፦
ግራ እጅ፣ እስካሁን በግማሽ ልቤ ካንተ ጋር ነበርኩ፤ እዚህ ላይ ለየሁ። በሶቺ የብሪታንያን ቡድን የመራችው አይሊን ኒልሰን ናት። ሴት ናት፤ መሪዋ እሷ ነበረች፤ ምሥራቅ የሚኮራበትን የቻይናን ቡድን ለነሐስ ያሸነፈችውም እሷ ናት። ደንብ ለማሟላት የገባ ሰው ቡድን አይመራም።

ምሥራቅ፦
እኔን ምን አገባኝ እዚህ ውስጥ?

ግራ እጅ፦
አንዲት ሴት ጠቀስሽ። እኔ የጠየቅሁት ስለ ደንቡ ነው።

ሚዛን፦
አንተ ስንት ጠቀስክ? አንድም። «ስንቷ» ብለህ በጅምላ ጠርጥረህ እኔ ላይ ማስረጃ ትጠይቃለህ።

ሸንጎ፦
ቱሪን ሲነሣ ትዝ አለኝ፤ በ2006 የእኛው ሮቤል ተክለማርያም በበረዶ ሸርተቴ ብቻውን ባንዲራችንን ይዞ የገባው እዚያው ቱሪን ኦሊምፒክ ላይ ነው። ያኔም «በረዶ የማያውቅ አገር በበረዶ ምን ይሠራል» ብለው የሳቁ ነበሩ። በቫንኩቨርም ተመልሶ ሄደ። የሚስቅ ሰው መቼም አይጠፋም።

ነገረኛው፦
ጋሽ ሸንጎ፣ ሮቤል ስንተኛ ወጣ?

ሸንጎ፦
ነገሩ እሱ ስንተኛ ወጣ የሚለው ላይ አይደለም።

ነገረኛው፦
ጠየቅሁ እንጂ አልሳቅሁም!

ግራ እጅ፦
ሮቤል አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር በበረዶ ላይ ነው የተንሸራተተው፤ ሳንባው እየተቃጠለ። መጨረሻ ቢወጣም ስፖርተኛ ነው። ክርክሬን ነው ያገዙልኝ።

በረዶ ጠባቂ፦
እንግዲያው ሳንባ ካልተቃጠለ ስፖርት የለም ማለት ነው። ቀስት ተኳሹን፣ ጠመንጃ ተኳሹን፣ ጎልፍ ተጫዋቹን ሁሉ አባረርክ። ቀድሞውኑ እንዲህ ብትል ኖሮ ክርክሩ ከኢና ፎረስት ጋር ሳይሆን ከግማሹ ኦሊምፒክ ጋር እንደሆነ እናውቅ ነበር። ግን አንተ የመረጥከው ዊልቸር ላይ ያለችውን ሴት ነው። ለምን እሷን? የ50 ዓመቱን ሃዋርድ «ጡረተኛ» ስትለው አንድ ቀን አልሰማሁህም።

ግራ እጅ፦
ትናንት የተነሣው የእሷ ስም ስለሆነ ነው። ስለ ሃዋርድ ቢነሣ ያንኑ እል ነበር።

አለላ፦
ሃዋርድ ተነሣ እኮ። ጋሽ ሸንጎ አነሡልህ። «ወጣቶቹ ናቸው የጠረጉት» ብለህ አለፍከው እንጂ ጡረተኛ አላልከውም።

ግራ እጅ፦
ያው ነው።

አለላ፦
ያው አይደለም። ቆሞ ለሚጫወተው ማብራሪያ ፈለግህለት፤ ለተቀመጠችው ስድብ።

ሚዛን፦
እዚህ ላይ መልስ ያስፈልጋል፤ ግራ እጅ፣ አትለፈው።

ግራ እጅ፦
ስድብ አልተሳደብኩም። በዕድሜ የሚገፋ፣ ላብ የሌለው፣ መጥረግ የተከለከለበት ጨዋታ የጡረታ ጨዋታ ነው አልኩ፤ አሁንም እላለሁ። የሚከፋው ይከፋው።

በረዶ ጠባቂ፦
«ላብ የሌለው» አዲስ ነው። ስምንት ዙር ሙሉ በበረዶ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ ደም በደንብ በማይዘዋወርበት እግር፣ ጣቱ ሳይደነዝዝ ዘንግ የሚይዝ ሰው ላብ ባያወጣ ይፈረድበታል? አከርካሪያቸው የተጎዳ ብዙ ሰዎች እኮ ከጉዳቱ በታች ሰውነታቸው እንደ ሌላው ሰው አያልበውም፣ ሙቀቱንም በደንብ አያስተካክልም። ላቡን ፈልገህ አጣህ፤ ስለ ጉዳቱ ግን ምንም አላነበብክም።

ነገረኛው፦
ይህቺ ጥሩ ናት።

ምሥራቅ፦
ጥሩ ናት፤ ግን በረዶ ጠባቂ አሁንም ስለ ሥልጠናው ሰዓት ያለውን መልሶ አልወሰደም። እኔም አለሁ።

በረዶ ጠባቂ፦
ምሥራቅ፣ በ2018 ኖርዌይ ላይ ያሸነፋችሁት በተጨማሪ ዙር ነው፤ በመደበኛው አቻ ነበራችሁ። ያንንም ንገር።

ምሥራቅ፦
ከላይ «በተጨማሪ ዙር» ብዬ ጽፌያለሁ! ማንበብ የከለከለህ አለ? በአንድ ነጥብ ያሸነፋችሁት ቫንኩቨርስ?

ሸንጎ፦
የቫንኩቨሩ ጨዋታ በመደበኛው ነው ያለቀው።

ምሥራቅ፦
ጋሽ ሸንጎ፣ እርስዎም ካናዳ ነዎት ማለት ነው። እኔ ደግሞ ገለልተኛ መስለውኝ።