ሰላምና ግጭት በመጀመሪያ ዲግሪ፦ ከድሬ ወደ ስዊድን

ከዚራ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ያለች የእህቴ ልጅ 12ኛ ጨርሳ «ሰላምና ግጭት ካልሆነ ሌላ አልማርም» ብላለች። ስዊድን በእንግሊዝኛ ይሰጣል?

ሳቢያን፦ ማልመ ዩኒቨርሲቲ የ3 ዓመት፣ የ180 ክሬዲት ፕሮግራም በእንግሊዝኛ አለው። ማመልከቻው ለአገሩ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ በአንድ ድረ ገጽ ነው፤ ጃንዋሪ አጋማሽ፣ ጥምቀት ሳይደርስ ይዘጋል። የማመልከቻው ክፍያ 900 የስዊድን ክሮነር ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናው አይኤልቲኤስ አጠቃላይ 6.5፣ በየክፍሉ ከ5.5 ሳያንስ።

ወረቀት የሚበላሸው ቀን ላይ ነው። የኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7 ዓመት ይደመራል፣ ከዚያ ወዲህ 8። ጥር 1999 የተወለደች ልጅ በፈረንጅ 2007 ናት፤ የትምህርት ቤቱ ሪከርድ ክፍል 7 ደምሮ 2006 ካለ ከፓስፖርቷ ጋር ተጣላ ማለት ነው። የአያት ስምም በሁለቱ ላይ ፊደል በፊደል ይመሳከር። ማህተም ሳያርፍበት ማስተካከል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ካረፈ በኋላ ሁሉም ከሀ ይጀመራል።

ሸዋ በር፦ ገንዘቡን እኔ ልበል። ለመኖሪያ ፈቃድ ከማመልከቷ በፊት የመጀመሪያው የትምህርት ክፍያ መግባት አለበት። የኑሮው ብር ደግሞ በራሷ ስም ባለ ሒሳብ ይታያል፤ «አክስቷ ትረዳታለች» የሚል ደብዳቤ አያሻግርም። የስዊድን ኢንስቲትዩት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ እንጂ ለመጀመሪያ ዲግሪ አይሰጥም። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ እህቴ፣ እዚያው አገር ቤት ሕግ ወይ ሶሲዮሎጂ ተምራ ለማስተርስ ትውጣ።

ከዚራ፦ ትምህርቱስ? ሽምግልና ነው የሚመስላት።

ሳቢያን፦ ሽምግልና ትንሹ ነው። ስታቲስቲክስ አለበት፣ ብዙ ተማሪ እዚያ ላይ ይደነግጣል። የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የግጭት መረጃ ማዕከል አንድን ግጭት ንቁ ብሎ የሚመዘግበው በዓመት ቢያንስ 25 ሰው በውጊያ ሲሞት ነው፤ 1,000 ሲደርስ ጦርነት ይለዋል። 24 ሰው የሞተበትስ? ክርክሩ ይሄ ነው። ከዚያ የሰላም ጥናት ምሁሩ ዮሃን ጋልቱንግ በ1969 የጻፈው መዋቅራዊ ጥቃት ይመጣል፦ ማንም ሳይተኩስ፣ ሥርዓቱ ራሱ ሰው የሚጎዳበት።

ሸዋ በር፦ ሽምግልናውን አታጣጥልባት እንጂ! የኢሳ ሶማሌዎች ባህላዊ ሕግ፣ ኼር፣ እኮ በ2024 ዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። እዚያው ድሬ ዙሪያ የኦሮሞው የደም እርቅ ሥርዓት፣ ጉማም፣ አለ። የደም ካሳውን ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም፣ ጎሳው ያዋጣል። ይህ በቀልን ለምን ያበርዳል? ሟች ሴት ስትሆን ካሳው ስንት ነው? የወንጀል ሕጉስ ምን ይላል? የመመረቂያ ጽሑፏን ከዚህ ብትጀምር «ሰላም ለልማት ወሳኝ ነው» ከሚል ገጽ ይሻላል። ግን አስተርጓሚ ይዞ ሽማግሌ መጠየቅ ግማሹን ያስቀራል። ቋንቋዋ እንዴት ነው?

ከዚራ፦ ኦሮምኛ ታቀላጥፈዋለች። ሶማሊኛ ግን እዚያው ድሬ ታይዋን ገበያ ዋጋ ለመከራከር ያህል ብቻ።

ሸዋ በር፦ እንግዲያው ከጉማው ትጀምር።