የተጎዳ ማይሊን መልሶ ይበቅላል? የእኅቴና የጎረቤታችን ሕመም አንድ ነው?

ጠያቂ፦ የአዳማው ወንድም

ጤና ይስጥልኝ። እኅቴ ዱባይ በቤት ሠራተኛነት ትኖራለች። ባለፈው ዓመት የግራ ዓይኗ በድንገት ደበዘዘ፤ ዓይኗን ባንቀሳቀሰች ቁጥርም ከኋላ በኩል ያማት ነበር። በደም ሥር ስቴሮይድ ተሰጥቷት እይታዋ ከሞላ ጎደል ተመለሰ። ከወራት በኋላ ግን ሁለቱም እግሮቿ ደነዘዙ፤ ሽንቷን መቆጣጠርም አስቸገራት። ኤምአርአይ ከተነሣች በኋላ «የነርቮችሽ ሽፋን፣ ማይሊን የሚባለው፣ ተጎድቷል፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይመስላል» ተብላለች። ምድጃ ፊት ስትቆም ወይም ልብስ ስትተኩስ ዓይኗ ይጋረድባታል፤ ስታርፍ ይለቃታል። እናታችን ይህን ስትሰማ ሕመሙ በየቀኑ እየባሰባት ነው ብላ ትጨነቃለች።

ጎረቤታችን ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተቅማጥ በኋላ እግሩና እጁ ዝሎ አልጋ ላይ ወድቆ ነበር። እሱንም «ጊያን ባሬ ነው፤ ማይሊንህ ተጎድቷል» ብለውት ነበር፤ ዛሬ ያለ ምርኩዝ ይሄዳል። ስለዚህ ዘመዶቻችን «እሷም እንደ እሱ ትድናለች፤ ለምን ዕድሜ ልኳን መድኃኒት ትወስዳለች?» ይላሉ። የሁለቱ ጉዳት አንድ ነው? ሽፋኑስ መልሶ ይበቅላል?

መልስ፦ የነርቭ ሐኪም፣ አዲስ አበባ

ሁለቱም ማይሊን ላይ የደረሱ ጉዳቶች ናቸው፤ ነገር ግን የደረሱበት ቦታ ይለያያል፤ ውጤቱንም በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው ነው። የጎረቤትዎን ሕመም ያመጣው ከኅብለ ሰረሰር ወጥተው ወደ እጅና እግር በሚዘረጉ ነርቮች ላይ የደረሰ ጥቃት ነው። እዚያ ማይሊን የሚሠሩት የሽዋን ሴሎች ከጉዳት በኋላ በቶሎ ስለሚባዙ ሽፋኑን መልሰው ይሠሩታል። ጊያን ባሬ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ መጥቶ የሚያልፍ ሕመም ነው፤ ካምፒሎባክተር በተባለው የተቅማጥ ባክቴሪያ ወይም በሌላ ኢንፌክሽን የተቀሰቀሰው የሰውነት መከላከያ ሲረጋጋ ጥቃቱ ያበቃል። በእኅትዎ የተጎዱት ግን የዓይን ነርቭና ኅብለ ሰረሰር ናቸው። በእነዚህና በአንጎል ውስጥ ማይሊን የሚሠራው ኦሊጎዴንድሮሳይት የተባለው ሴል ነው፤ አንዱ ሴል በርካታ የነርቭ ክሮችን ስለሚጠቀልል የእሱ መሞት ብዙዎቹን ያራቁታል። ሽፋኑ እዚያም በከፊል ይታደሳል፤ ሆኖም አዲሱ ከቀድሞው የሳሳ ነው፤ ጥቃቱ ሲደጋገምና ዕድሜ ሲገፋም የማደስ ኃይሉ ይደክማል።

ለታካሚ ስናስረዳ ማይሊንን በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ካለ ፕላስቲክ ጋር እናመሳስለዋለን፤ እኔ ግን ይህ አገላለጽ ዋናውን ነገር ይሸፍናል ብዬ አምናለሁ። ማይሊን የሚሠራው ሴል የነርቩን ክር ይመግበዋልም። ለረጅም ጊዜ የተራቆተ ክር ራሱ ይሞታል፤ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ የሞተ ክር ደግሞ አይተካም። መድኃኒቱ የሚሰጠው ቀጣዩን ጥቃት ለመከላከል ስለሆነ፣ ደኅና በሆነችበት ወቅት መውሰዷ እጅግ አስፈላጊ ነው።

ስለ ሙቀቱ እናትዎን ያረጋጉልኝ። ጤነኛ ማይሊን ያላቸው ወፋፍራም ክሮች መልእክትን በሰከንድ እስከ 100 ሜትር ገደማ ያስኬዳሉ፤ የተጎዳው ክር ግን የሚያሳልፈው በጭንቅ ስለሆነ፣ የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ እንኳ ሲጨምር መልእክቱ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ይህን ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡቶፍ እ.ኤ.አ. በ1890 ጽፎታል። ሰውነት ሲቀዘቅዝ እይታው የሚመለስ ከሆነ አዲስ ጉዳት ደርሷል ማለት አይደለም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የዓይን ነርቭና ኅብለ ሰረሰር በተከታታይ ሲጠቁ ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የተባለውን ሕመም ማሰብ ግድ ይላል። ለረጅም ዘመን የመልቲፕል ስክለሮሲስ ዓይነት ተደርጎ ይታይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ግን መለያው የሆነ ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የሚሠራው ፕሮቲን፣ በታማሚዎች ደም ውስጥ መገኘቱ ተገለጸ፤ ዒላማውም አኳፖሪን 4 የተባለ ፕሮቲን መሆኑ ከዚያ በኋላ ታወቀ። አፍሪካዊ የዘር ግንድ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጡት እንደ ኢንተርፌሮን ቤታ፣ ናታሊዙማብና ፊንጎሊሞድ ያሉ መድኃኒቶች ይህን ሕመም ሊያባብሱት ስለሚችሉ፣ የአኳፖሪን 4 እና የሞግ (ማይሊን ላይ የሚገኝ ሌላ ፕሮቲን) ፀረ እንግዳ አካላት ምርመራ ተደርጎላት እንደሆነ ትጠይቅ። በኅብለ ሰረሰሯ ላይ የታየው ጉዳት የሦስት አከርካሪ አጥንቶች ያህል ወይም ከዚያ በላይ ርዝመት ካለው ጥርጣሬው ይጨምራል።

መልስ፦ ከስቶክሆልም

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። እኔም ከመልቲፕል ስክለሮሲስ ጋር እኖራለሁ። የሙቀቱ ነገር ለማያውቀው ስንፍና ይመስላል፤ ስለዚህ አሠሪዎቿ በሐኪም ወረቀት ቢያውቁት ይረዳታል። ልብስ የምትተኩሰው ማለዳ፣ ተቀምጣ፣ ከተቻለም አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ይሁን። እኔ ወጥ ስሠራ በቀዝቃዛ ውኃ የነከርኩትን ነጠላ ማጅራቴ ላይ አደርጋለሁ፤ እይታዬም ቶሎ ይመለስልኛል።

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ ባሕር ዳር

የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያለውን ማይሊን ስለሚጎዳ መጠኑ ይለካ። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው ጾም ብቻውን እጥረቱን የሚያመጣው ከስንት አንዴ ነው፤ የጨጓራ ሕመም ያለባቸው ወይም ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ግን ይጋለጣሉ። ቢ12 ሳይለካ ፎሊክ አሲድ ብቻ መውሰድ ደም ማነሱን አሻሽሎ የነርቩን ጉዳት ሊሸፍን ይችላል።

ክሌማስቲን የተባለው የቆየ የአለርጂ መድኃኒት ማይሊን ያድሳል ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ገዝታችሁ አትላኩላት። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አነስተኛ ጥናት የዓይን ነርቭ መልእክትን በጥቂቱ እንዳፋጠነ ቢያሳይም፣ በኋላ በተደረገ ሌላ ጥናት የአንዳንድ ታካሚዎች ጉዳት ስለተፋጠነ እሱን መስጠት ቆሟል።

ጠያቂ፦ የአዳማው ወንድም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ እንዳልተደረገላት ዛሬ ነግራኛለች። ወደ አገር ቤት መጥታ ብትመረመር ይሻላል?

መልስ፦ የነርቭ ሐኪም፣ አዲስ አበባ

እዚያ ማድረግ ከቻለች ከመጓዟ በፊት ይደረግላት። ደሙ ሌላ የስቴሮይድ ዙር ከመጀመሯ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል፤ የስቴሮይድ ሕክምና ውጤቱን ኔጌቲቭ ሊያስመስለው ይችላልና። ስትመጣም የኤምአርአዩን የጽሑፍ ውጤት ብቻ ሳይሆን ምስሎቹን በሲዲ ትያዝ፤ የጀመረችውን መድኃኒትም ሐኪሟን ሳታማክር አታቋርጥ። አዲስ ድንዛዜ፣ የእግር መዛል ወይም የእይታ መጋረድ ሰውነቷ ቀዝቅዞም ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ጉዞውን ትታ እዚያው ሆስፒታል ትሂድ።