ክርክር፦ የጨፋ ገበሬ በቦርከና ወንዝ ውሃ ማልማቱን ያቁም ወይስ ፋብሪካው ይዘጋ?

አወያይ፦ የቆዳ ፋብሪካውን ጨምሮ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች አድርጎ ቦርከና ይገባል፣ ቦርከና ደግሞ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል። ገሚሱ ገበሬ «ይዘጋ» ይላል፤ ልጁ እዚያ የሚሠራለት ዝም ይላል። እናንተስ?

የመስኖ ባለሙያ፦ በበጋ ሌላ ውሃ ከየት ይምጣ? ማልማቱ አይቆምም። ጥፋቱ ቦይ ሲጠረግ ነው። ክሮም፣ ማለትም ቆዳ የሚለፋበት ኬሚካል፣ በብዛት የሚቀመጠው ደለሉ ላይ ነው፤ ያንን ጥቁር ጭቃ «ማዳበሪያ ነው» ብሎ ማሳው ላይ የሚበትን መርዙን በእጁ ያስገባል። ጥራጊውን ከማሳ ውጭ ከምሩት። ሰላጣና ቆስጣም በዚህ ውሃ አይልማ፤ ማሽላ ይሻላል።

የከብት ሐኪም፦ ከብት በከሳ ቁጥር ፋብሪካ ማማረር አቤቱታውን ያዳክመዋል። መንጋጭላው ሥር ካበጠና ከከሳ መጀመሪያ የጉበት ትል ጠርጥሩ፤ ረግረግ ትሉን የሚያስተላልፈው የቀንድ አውጣ አገር ነው። ሲታረድ ጉበቱን ተልትሉት፤ የሐሞት ቧንቧው ደንድኖ ቅጠል የመሰለ ትል ከወጣ ምክንያቱ ተገኘ። በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ደም የወጣውን ግን እንዳትከፍቱ፣ አባሰንጋ ሊሆን ይችላል።

የታችኛው (ከወንዙ በታች ጨፋ ያለው)፦ ዶክተር፣ ታዲያ ፋብሪካው ነፃ ወጣ? አፋሩም ኦሮሞውም ከብቱን ይዞ ጨፋ የሚወርደው በበጋ ነው። ያኔ ወንዙ ይቀጥናል፣ ፍሳሹ ያው ነው። ወንዙ በሞላበት በነሐሴ ናሙና ቀድቶ «ደህና ነው» ማለት ማንን ለማታለል ነው?

ኬሚስት፦ መዝጋት አያስፈልግም። በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው የክሮሙን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ቀሪው ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ለብቻው ተጠራቅሞ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 8 ተኩል ሲጠጋ ይዘቅጣል፤ ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ መልሶ ይሠራበታል። አሲዳሙ የክሮም ፍሳሽ ፀጉር ከተነቀለበት የሰልፋይድ ፍሳሽ ጋር በአንድ ቦይ ከተለቀቀ ግን ገዳይ ጋዝ ይወጣል። ቦይ ዳር የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ዘወር በሉ፤ መጠኑ ሲበዛ ሽታው ራሱ አይታወቅም።

ጠበቃ፦ በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንም ሰው የግል ጉዳቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ናሙናው በአንድ ቀን ከሦስት ቦታ ይቀዳ፦ ከፋብሪካው የፍሳሽ ቱቦ በላይ፣ ከቱቦው አፍ፣ ውሃው ከተቀላቀለ በኋላ ከታች። የክሮሙ ጠርሙስ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበት፤ ለኦክስጅን ፍጆታ የሚመረመረው በበረዶ ይሂድ።

የታችኛው፦ ፍሳሹ ሌሊት ከተለቀቀስ?

ጠበቃ፦ ሌሊት ቅዱ። የቀበሌ ሰውና ሁለት ምስክር ይኑሩ፣ ጠርሙሱ ላይ ሰዓቱ ተጽፎ ይታሸግ። እሽጉ ከተከፈተ ዳኛው አይቀበለውም።