ስለ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተጻፉ መጻሕፍትን እንዴት ልመዝን?

ጠያቂ (ደሴ)፦ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ ስለጠሩትና የወሎን ሙስሊሞችም ስለነካው የሃይማኖት ጉባኤ፣ ስለ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ ካነበብኳቸው ሁለት መጻሕፍት አንዱ 1870፣ ሌላው 1878 ስለሚል፣ በየትኛው መተማመን እንደሚገባኝ ግራ ገብቶኛል። የታሪክ ጸሐፊ የሚመዘነው በምንድን ነው?

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ፣ ዓመቶቹ አይጋጩም፤ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ይልቅስ መቅድሙንና የግርጌ ማስታወሻዎቹን አስቀድመው ይመልከቱ፤ ጸሐፊው የተመሠረተው በአፄ ዮሐንስ ዜና መዋዕል ላይ ብቻ ከሆነ የሚሰሙት የቤተ መንግሥቱን ድምፅ ነውና፣ የወሎ ሙስሊም ሊቃውንት ያቆዩት ትውፊት የት ገባ ብለው ይጠይቁ።

መልስ (ሐይቅ)፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም የቃል ትውፊትም ተራኪው ከማን እንደሰማው ሳይጣራ አይታመንም። እኔ በገጹ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «ማስረጃው ምንድን ነው?» ብዬ እጽፍና መልስ ያጣሁለትን አንቀጽ ከሌላ መጽሐፍ ጋር አስተያየዋለሁ።