ጥቆማ፦ ካሴት ማስገልበጥ (ደሴ፣ ኮምቦልቻ) እና "ካሴት ይሻላል ፋይል" ለሚለው ጭቅጭቅ

ሰላም ወሎዎች። "የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥልኝ የት ነው" የሚል ጥያቄ ሰሞኑን በዝቷል፣ ከስሩ ደግሞ ሁሌ ያው ጭቅጭቅ ነው፣ አንዱ "ካሴት ነፍስ አለው ዲጂታል ደረቅ ነው" ይላል ሌላው "የምን ሽሽሽ ነው ጣሉት" ይላል። እኔን ከጠየቃችሁ አብዛኛው ሰው ዲጂታል እያለ የሚያማው ስልኩ ላይ የተጫነለትን ፋይል ነው። ሶስት አራት እጅ የተገለበጠ ካሴት፣ ሄዱ (ክሩን የሚያነበው ብረት) ጠቁሮ ጨርቅ ነክቶት በማያውቅ ቴፕ ተቀድቶ፣ ዩቲዩብ ላይ ወጥቶ፣ ከዛ ወርዶ፣ እንደገና ተጨምቆ ሚሞሪ ላይ ያረፈ አምባሰል ሰምቶ ዲጂታል አይረባም ማለት ግፍ ነው አቦ።

ቁጥር ለምትወዱ ባጭሩ። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ጀምሮ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ነው የሚለካው፣ ይሄ ደሞ የሰው ጆሮ የሚሰማውን እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ድረስ ያለውን በሙሉ ይይዛል፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ድምፅ መሀል ያለው ልዩነትም ወደ 96 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ይደርሳል። የካሴት ክር የሚሄደው በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ነው (የስቱዲዮ ሪል በ38 ወይ በ76 ይሄዳል)፣ ስለዚ ጥሩ ካሴት በጥሩ ዴክ (ትልቁ የካሴት ማጫወቻ) እንኳን ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ቢሰጥ ነው፣ ሽሽሽታው የሚመጣው ከዚ ነው። "ዲጂታል እየለካ ሲሄድ መሀሉ ያለው ይቀራል" የምትሉት ነገር ትክክል አይደለም፣ ተመልሶ ወደ ስፒከር ሲወጣ ሞገዱ ያለ ክፍተት ነው የሚወጣው።

ግን ካሴት ወዳዶችም ዝም ብለው አይደለም። መንዙማ ላይ ድቤው ጠንከር ብሎ ሲመታ ክሩ ድምፁን ቀስ አድርጎ ይጨምቀዋል፣ ጆሮ አይመታም፣ እንዳውም ወፈር ብሎ ደስ ይላል። ዲጂታል ላይ ግን ከዜሮ (መያዝ ከሚችለው ጣሪያ) ካለፈ በቃ ጫፉ ይቆረጣል፣ መውሊድ ላይ በስልክ የተቀዳ መንዙማ የሚፈነዳባችሁ ለዚ ነው። ማሲንቆ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፣ የደጋኑ ፀጉር የማሲንቆውን ክር ሲፈገፍግ ያለው ሻካራ ድምፅ ላይኛው ክልል ላይ ስለሆነ ያረጀ ካሴት መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው። ማሪቱ ለገሰን በደህና ቅጂ የሰማ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል።

ወደ ጥቆማው ልግባ።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ እስካሁን ካሴት የሚገለብጡ ሙዚቃ ቤቶች አሉ፣ እውነተኛ ዴክ ያላቸው አሉ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ችግራቸው "እናጥራልህ" ይላሉ። አንዱ ቤት የሰጠሁትን የባቲ ካሴት ሽሽታውን ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር አጥፍቶ ሰጠኝ፣ ማሲንቆው ማሲንቆ መሆኑ ራሱ የማይለይ ሆነ፣ የዘፋኟ "ስ" እና "ሽ" አብሮ ጠፍቷል። ካሴቱን ለሁለተኛ ጊዜ አምጣና ክፈል አለኝ። ስለዚ ስትሄዱ መጀመሪያ እንዲ በሉ፦ ምንም ሳትነካ ጥሬውን በዋቭ ወይ በፍላክ (ከድምፁ ምንም ሳይቀንሱ የሚያስቀምጡ የፋይል አይነቶች) ስጠኝ፣ ማጥራት ከፈለኩ እኋላ እኔ አስጠራለሁ። የ60 ደቂቃ ካሴት በዋቭ 600 ሜጋ አካባቢ ይሆናል፣ በፍላክ ግማሹ ገደማ፣ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። "ኤምፒስሪ ይበቃሃል" ካሏችሁ ቢያንስ 320 ኪሎቢት ይሁን፣ በ128 የተቀዳውን ቀይሮ 320 ቢያደርገው ፋይሉ ይከብዳል እንጂ የጠፋው አይመለስም።

ኮምቦልቻ የሞከርኩት ኮምፒውተር ቤት ነው፣ በዛች በዩኤስቢ የምትሰራ ትንሽ ፕላስቲክ ማጫወቻ ነው የሚሰሩት። ፈጣንና ርካሽ ናቸው፣ ሰዎቹም ጨዋ ናቸው፣ ግን ሞተሯ ፍጥነት አትጠብቅም፣ ረዘም ያለ የክራር ድምፅ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማችኋል፣ ትዝታ ላይማ ቅኝቱን ታበላሸዋለች። ከጂዳ ከሪያድ ድሮ ዘመድ በካሴት ቀድቶ የላከው የድምፅ ደብዳቤ ካላችሁ ግን ለሱ ትበቃለች፣ ቶሎ አስገልብጡ፣ የእናት ድምፅ ሌላ ኮፒ የለውም።

በራሴ ልስራው ለምትሉ፣ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ በኩል ያገለገለ ዴክ አንዳንዴ ይገኛል፣ ስትገዙ ላስቲኩን እዩ፣ ከላላ ይቀየራል፣ ሄዱ መሀሉ ላይ በጣም ከተቦረቦረ ግን ተዉት። ሄዱን በአልኮልና በጆሮ መጥረጊያ ጥጥ አፅዱት፣ ቡናማ ነገር መውጣቱን እስኪያቆም። ከዛ ከሄዱ ጎን ትንሽ ብሎን አለች፣ ካሴቱ እየተጫወተ እሷን በትንሽ ካቻቪቴ በጣም በቀስታ ወዲያ ወዲህ ስታዞሯት አንድ ቦታ ላይ ማሲንቆው ከመጋረጃ ኋላ እንደወጣ ሰው ፍንትው ይላል፣ እዛ ላይ አቁሙ። ካሴት በካሴት ትለያያለች ምክንያቱም እያንዳንዱ የተቀዳበት ቴፕ ይለያያል፣ ሙዚቃ ቤቶች ይቺን ሲያስተካክሉ አንድም ቤት አላየሁም። ዶልቢ የሚለው (ሽሽታ መቀነሻው) ቁልፍ ካሴቱ ላይ ምልክቱ ከሌለ ይጥፋ።

ላፕቶፕ ላይ ያለችው አንዷ ቀዳዳ ለማይክ ናት፣ ሞኖ ናት፣ እሷ ላይ አትሰኩ፣ ላይን ኢን (የዴክ ድምፅ በስቴሪዮ የሚገባበት ቀዳዳ) ያላት የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዙ። መቅጃ ፕሮግራሙ ኦዳሲቲ ነፃ ነው፣ አቀዳዱን 24 ቢት አድርጉት፣ መጀመሪያ ካሴቱ ውስጥ ድቤው የሚጮህበትን ቦታ ፈልጋችሁ ከፍተኛው ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል ላይ እንዲቆም አድርጉና ከዛ ከመጀመሪያው ቅዱ። መብራት ከሄደ ዴኩ ይቆማል ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ሌሊት ስሩት።

ጥያቄዎች ስላሉ፦

"ክሩ ላይ ነጭ ነጭ ነገር አለ" ላልሽው እህቴ፣ እሱ ሻጋታ ነው፣ የደሴ ክረምት ጭጋግ ነው የሚያመጣው፣ እንዳታጫውቺው፣ ወደ ሄዱና ወደ ሌላው ካሴት ይጋባል። መጀመሪያ ደረቅ ቦታ ይቀመጥና ለሚያውቅ ሰው ይሰጥ።

ሸክላ ያላችሁ ጋሼ፣ እዚህ አካባቢ ባይሞከር ይሻላል፣ አዲስ አበባ ደህና መርፌ ያለው ሰው ጋ ይወሰድ። አምሃ ሪከርድስ ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያወጣቸው አይነት ትንንሽ ሸክላዎች ዛሬ ውጭ አገር ሰብሳቢ የሚሻማባቸው ናቸው፣ በአውቶብስ ጭነት እንዳይልኩት፣ በእጅዎ ይያዙት ወይ ለሚያምኑት ሰው ይስጡ።

ቴሌግራም ላይ ለምትላላኩ፣ እንደ ፋይል ላኩት፣ ስፒከር ስር አስጠግቶ ቮይስ እየቀዱ መላክ ይቅር በናታችሁ።

ወልዲያ ውስጥ የቴፕ ላስቲክ የሚቀይር ሰው የሚያውቅ ካለ ከስር ይፃፍልኝ፣ አንዲት እናት ናሽናል ቴፕ ይዘው እየጠየቁኝ ነው፣ ደሴ ድረስ መምጣት አይችሉም።