ለሽያጭ እንጀራ መጋገሪያ፦ መብራት፣ እንጨት ወይስ የቡና ገለፈት? (ጅማ)

ጠያቂ፦ የመንደራ_ቆጪ_ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ አካባቢ፣ ሁለት ሆነን በቀን 100 እንጀራ እየጋገርን ለምግብ ቤትና ለሱቅ ልናስረክብ ነው። ቤቱ ኪራይ ነው፤ ካርድ ቆጣሪ፣ አንድ ፌዝ። ያልተስማማነው በማገዶው ላይ ብቻ ነው። እኔ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንግዛ እላለሁ። የሥራ አጋሬ መብራት ሲጠፋ ሊጡን ምን ልናደርገው ነው ብላ እንጨት ትላለች። አከራያችን ደግሞ የቡና ገለፈት እያለ እንጨት መግዛት ሞኝነት ነው ይላሉ። የምታውቁ ንገሩን፦ የቤቱ መስመር ሁለት ምጣድ ይችላል? 100 እንጀራ ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል? ሊጥ ተዘጋጅቶ መብራት ቢሄድስ? ወጥ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ የጭሱም ነገር ያሳስበናል።

መልስ፦ ቴስተር_ይቅደም

እህቴ፣ ምጣድ ከመግዛታችሁ በፊት ልትጋግሩበት ባሰባችሁት ሰዓት ሶኬቱ ላይ ስንት ቮልት እንዳለ አስለኩ። ቀን 220 የሚያሳይ ቤት ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ፣ 180 ሊወርድ ይችላል። የምጣድ ጉልበት ደግሞ በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን በካሬው ነው የሚወርደው። 220 ላይ 3.5 ኪሎ ዋት የሚሰጥ ምጣድ 180 ላይ የሚሰጠው 2.3 ገደማ ነው፤ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። የመጀመሪያው እንጀራ አምሮ ይወጣል። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን ቀዝቃዛው ሊጥ የወሰደበትን ሙቀት ቶሎ መመለስ ያቅተዋል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ ከሥር ይይዛል። ይሄኔ ሰው ጤፉን ይረግማል፤ ጤፉ ምንም አላደረገም።

ሲለካ ሁለት ጊዜ ይለካ፦ ምጣዱ ሳይበራ እና ምጣዱ በርቶ። ሲበራ ሶኬቱ ላይ ከ10 ቮልት በላይ ከወረደ፣ ምጣዱ እንደበራ ቆጣሪው ጋር ደግሞ ይለካ። እዚያ ደህና ከሆነ ጥፋቱ የቤቱ ውስጥ ገመድ ወይም የላላ ማያያዣ ነው፤ በራሳችሁ ወጪ ይስተካከላል። ቆጣሪው ላይም ከወረደ ችግሩ ከውጭ ነው፤ ቤት ውስጥ ገመድ ብትቀይሩ ገንዘባችሁን ነው የምትጥሉት። በዚህ ጊዜ መፍትሄው ሰዓት መቀየር ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ የሚጋግር ሰው ሙሉ ቮልት ያገኛል፣ ለጠዋት ርክክብም ይደርሳል።

ወደ መስመሩ ስንመጣ፣ 3.5 ኪሎ ዋት በ220 ሲካፈል 16 አምፔር ነው። ብዙ ኪራይ ቤት ውስጥ ሶኬቱ የተሳበው በ2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ገመድ ነው፤ አንዳንዱ የመብራቱን 1.5 ነው የቀጠለው። 2.5ቱ ለአንድ ምጣድ፣ ብቻውን ከሆነ፣ ይችላል። ሁለት ምጣድ በአንድ 2.5 ገመድ ላይ ግን 32 አምፔር ስለሆነ በፍጹም አይሆንም። ባልቦላው እየወረደ ሲያስቸግር አንዳንዱ ባለሙያ ነኝ ባይ ባልቦላውን በትልቅ ይቀይርላችኋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ገመዱ ነው። የሚሻለው ከማከፋፈያው ለየምጣዱ የየራሱ 4 ካሬ የመዳብ ገመድ ከየራሱ 20 አምፔር ብሬከር ጋር መሳብ ነው። ከቆጣሪ እስከ ማከፋፈያ ያለው ደግሞ 10 ካሬ ይሁን።

ስፒናና ሶኬት ለዚህ ሥራ አይመቹም። 16 አምፔር ለአምስት ሰዓት ሲጎርፍበት የሶኬቱ ምላስ ይግላል፣ ይላላል፣ ሲላላ ይብስ ይግላል፤ ጥቁር ጠባሳና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካያችሁ ያ ነው። ለውሃ ማሞቂያ የሚገጠመውን ባለ ሁለት ምሰሶ ማብሪያ ግድግዳ ላይ አስገጥማችሁ ገመዱን በቀጥታ አገናኙ። ምጣዱ ውስጥ ገመዱ ከሬዚስታንሱ (ከሚግለው ሽቦ) ጋር የሚገናኝበት ቦታ የሸክላ ኮኔክተር ይሁን፤ የፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ግራውንድ አትርሱ። የምጣዱ አካል ቆርቆሮ ነው፣ ሊጥ ይፈስበታል፣ ወለሉ እርጥብ ነው። ጅማ ደግሞ ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ሳይሠራበት የቆየ ምጣድ ሸክላው እርጥበት ይጠጣና ቆርቆሮው ይነዝራል። ጫማ አድርጋችሁ ጋግሩ የሚለው ምክር መፍትሄ አይደለም፤ 30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ የንዝረት መከላከያ ብሬከር አስገቡ። የሰነበተ ምጣድ ስትጀምሩ ሁለት ደቂቃ አብርታችሁ አምስት ደቂቃ አጥፉ፤ ይህን ደጋግማችሁ እርጥበቱ ከወጣ በኋላ ነው ሙሉ የሚበራው።

ሌላው የሚያበላሸው የጥገና ነገር ነው። ሬዚስታንስ ሲበጠስ ጠምዝዘው ያያይዙታል፤ በየጊዜው ያጥራል። አንድ አሥረኛው ቢያጥር 3.5 የነበረው ወደ 3.9 ኪሎ ዋት ይወጣል፣ ያጠረው ሽቦ ይብስ ይግላል፣ ቶሎ ይበጠሳል። ሁለት ጊዜ ከተበጠሰ ሙሉውን ቀይሩት፣ ርካሽ ነው።

ፍጆታውን በተመለከተ፣ ምጣዱ እስኪግል 12 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት። ከዚያ ማፍሰሱና ማውጣቱ ተደምሮ አንድ እንጀራ 3 ደቂቃ ብንለው በሰዓት 20 ነው። 100 እንጀራ በአንድ ምጣድ 5 ሰዓት፣ ጠቅላላ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ። ሁለት ምጣድ ሰዓቱን ያሳጥራል እንጂ ፍጆታውን ብዙም አይለውጠውም። በወር 26 ቀን ከሠራችሁ 468 ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የሚጨምር ሲሆን የመጨረሻው እርከን ከ500 በላይ ነው፤ አምፖልና ፍሪጅ ሲጨመር እዚያ ትደርሳላችሁ። ካርድ ስትሞሉ ደረሰኙ ላይ የተከፈለውን ለተሞላው ኪሎ ዋት ሰዓት አካፍሉና የአንድ እንጀራውን በ0.18 አባዙ። ሥራው ንግድ ስለሆነ የቆጣሪውንም መደብ ቀድማችሁ አስተካክሉ።

መልስ፦ ምርት_ምድጃ

የቴስተሩን ምክር እቀበላለሁ፤ ግን ግልገል ጊቤ አንድ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በ184 ሜጋ ዋት ከጎናችን ቢቀመጥም ሰፈር ውስጥ የሚያጠፋብን ግድቡ ሳይሆን ትራንስፎርመሩ፣ ምሰሶውና ዝናቡ ነው። ስለዚህ መብራት ብቻ ብሎ የደንበኛ ውል መግባት ድፍረት ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ይኑራችሁ፤ አንድ የምርት ምድጃ ደግሞ ከጎን።

የምርት ምድጃ ከሲሚንቶና ከተፈጨ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚጣል ነው። ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብቡ አራት ቁራጮችና ከኋላ ጭሱ የሚወጣበት ሁለት ቁራጭ አለው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ ይህ ግን በትክክል ከተገጠመ ነው። ቁራጮቹ መጋጠሚያ ላይ ክፍተት ካለ በጭቃ ይመረግ፤ በምጣዱና በምድጃው ጠርዝ መካከል ነበልባል ብቅ ካለ ቁጠባው እዚያው አለቀ። እንጨቱን አፉ ድረስ አትጠቅጥቁት፣ አየር ካጣ ይጨሳል። በክረምት የተገዛ እንጨት እርጥብ ነው። ከሙቀቱ ከፊሉን ራሱን ለማድረቅ ነው የሚጨርሰው። ፈልጣችሁ ከጣሪያ ሥር ወራት ቀድማችሁ ካልደረደራችሁ መጠባበቂያ አላችሁ ማለት አይቻልም።

የቡና ገለፈቱን ለአከራይዎ ተዉላቸው። ከደረቅ ቡና መፈልፈያ በጆንያ የሚወጣው ገለፈት ቀላል ነው፤ ቦግ ይልና ያልቃል፣ እጅ ሳያርፍ መጨመር ይፈልጋል፣ ዝናብ የነካው ከሆነ ጭሱ ዓይን አያስከፍትም። ከስሎ ተጨምቆ ጡብ ሲሆን ለወጥና ለቡና ግሩም ነው፤ ለእንጀራ ግን አይሆንም። 60 ሳንቲ ሜትር ምጣድ የሚፈልገው ከሥሩ የሚንቦገቦግ ረጅም ነበልባል ነው። ፍም መሃሉን ብቻ ያሳርረዋል፣ ዳሩ ጥሬ ይቀራል። እናቶቻችን ጭራሮና የባህር ዛፍ ቅጠል የሚመርጡት ለዚሁ ነው። ከእንጨት ሥራ ቤቶቹ የሚወጣው ሰጋቱራም እንዲሁ፣ ለብቻው የሚሠራለት ምድጃ ከሌለ ጭስ ነው።

መልስ፦ ጤና_ሰፈር

ስለ ጭሱ ባጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ደቃቁ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ መብለጥ የለበትም። ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ እንጨት ሲነድ በመቶዎች ይገባል። ድርጅቱ በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ሳል ብቻ አይደለም፦ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ፣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ የሳንባ ምች። ስለዚህ የሚጋግረው ሰው ልጅ አዝሎ አይግባ፤ ምድጃውም መሃል ክፍል ሳይሆን ግድግዳ ተጠግቶ ጭስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ ይውጣ። በሩ ክፍት፣ ከበሩ ትይዩ ከላይ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ። አንድ መስኮት ብቻ ጭሱን ያሽከረክረዋል እንጂ አያወጣውም።

ከሰል አይጨስም ብላችሁ በዝናብ ቀን በር ዘግታችሁ እንዳታነዱ። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ጭምብልም አያቆመውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ከተሰማ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት ነው። ሁለት ሰው አብሮ ራሱን ካመመው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት።

ጠያቂ፦ የመንደራ_ቆጪ_ልጅ

እግዜር ይስጥልን። ጄኔሬተር ወይም ሶላር የሚሉም አሉ። የሊጡን ነገርም ማንም አልነካውም። ሁለት ምጣድስ ሁለት ሰው ይፈልጋል?

መልስ፦ ቴስተር_ይቅደም

ሶላሩን አስሉት። 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ባትሪው እንዳይሞት ግማሹን ብትጠቀሙ 1.2። ምጣዱን ለማጋል 0.7 ሄዶ የሚተርፈው ሦስት እንጀራ ነው። ለአምፖልና ለስልክ ግዙት፣ ለምጣድ አይደለም። ጄኔሬተርም ለአንድ ምጣድ 5 ኪሎ ቮልት አምፔር ይፈልጋል፤ በአሁኑ የቤንዚን ዋጋ እንጀራው በኪሳራ ነው የሚወጣው።

መልስ፦ አብሲት

ሊጡን መብራት አያበላሸውም፣ ችኮላ ነው የሚያበላሸው። የተቦካ ሊጥ አብሲት ሳይገባበት መቆየት ይችላል፤ አብሲት ከገባበት በኋላ ግን ኩፍ ብሎ ሰዓቱን ይቆጥራል። ስለዚህ መብራቱ መኖሩን፣ ቮልቱም ደህና መሆኑን ሳታዩ አብሲት አትጣሉ። ከሊጡ አንድ አሥረኛ ያህል ቀድታችሁ በሦስት እጥፍ የፈላ ውሃ አብስሉት፤ እጅ የማያቃጥል ለብታ እስኪሆን ጠብቁና መልሱት። ትኩሱን ከመለሳችሁት እርሾውን ይገድለዋል። ለ100 እንጀራ የሚሆነውንም በአንድ ዕቃ አትጣሉት። በሁለት ዕቃ ከፍላችሁ ሁለተኛው ላይ አብሲቱን ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣሉ። መብራት ቢሄድ የሚጎዳው አንዱ ዕቃ ነው፤ እሱም የምርት ምድጃው ላይ ይሄዳል።

አብሲት ያልገባበት ሊጥ ሌላ ቀን ማደር ካለበት ከላይ የቀረረውን ውሃ ድፉና በንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ተኩ፤ መጎምዘዙ ይቀንሳል። ዕቃውንም ከምጣዱ ሙቀት አርቁት።

ስለ ሰው፦ እጇ የተፍታታ ጋጋሪ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻዋን ትይዛለች። አንዱ ላይ አክምባሎ ስትደፋ ሌላው ላይ ታፈሳለች፤ በሰዓት 35 ያህል ይወጣል። በእንጨት ግን እሳት የሚቆሰቁስ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ክፍያውን በእንጀራ ቁጥር ብቻ አታድርጉት፤ ቮልት በወረደ ቀን ቁጥሩ ሲቀንስ ጥፋቱ የሷ አይደለም። አዲሶቹን ምጣዶች ደግሞ ሸክላው በቀስታ ግሎ ከደረቀ በኋላ በተፈጨ ጎመን ዘር ደጋግማችሁ አሟሹ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እንጀራዎች ለሽያጭ አትቁጠሯቸው። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ምጣድ ላይ አትርጩ፣ ይሰነጠቃል።

መልስ፦ ምርት_ምድጃ

እንጀራው ሳይበርድ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት። በጅማ እርጥበት በማግስቱ ሻጋታ ይጠብቃችኋል። ሰፌድ ላይ አንድ በአንድ ይብረድ፣ ከዚያ ይደርደር።