እናቴ ጭንቅላት ላይ የማያም እብጠት አገኘሁ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። እሁድ ዕለት እናቴን ሹሩባ እየሠራኋት ጣቴ እብጠት ላይ አረፈ። ከቀኝ ጆሮዋ ከፍ ብሎ ነው። ሽምብራ ያክላል። ስጫነው አያማትም። ቆዳው ከላዩ ይንሸራተታል፤ እብጠቱ ግን ንቅንቅ አይልም፣ እንደ አጥንት ድርቅ ያለ ነው። «ቆይቷል እኮ፣ ምንም አይለኝም» አለችኝ። መቼ እንደወጣ አታስታውስም። ወድቃም ተመትታም አታውቅም።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ባለሙያው በጣቱ እንኳ ሳይነካው «ስብ ነው፣ ተዪው» ብሎ ሸኘን። አልተዋጠልኝም። የስብ እብጠት ለስለስ ያለ ነው። ከፀጉር ሥር የሚወጣው ከረጢትም ገፋ ሲያደርጉት ይንቀሳቀሳል። እንዲህ የሚደርቀው ከራሱ ከአጥንቱ የሚያድገው ኦስቲኦማ ነው፤ እሱ ደግሞ ካንሰር አይደለም። ይሄ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅኩ።

እናቴ ግን ከ4 ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ታክማለች። የጡት ካንሰር ወደ አጥንት ሊዛመት ይችላል። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የዓይን ብዥታ የላትም። ክብደቷም አልቀነሰም። ከየት ልጀምር? ራጅ ይበቃል ወይስ ሲቲ ስካን ይሻላል? ቀጥታ ወደ ካንሰር ሐኪሟ ልውሰዳት? ሐኪሞችም፣ ቤተሰቡ ላይ የደረሰበትም ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። እሷ ፊት እስካሁን ምንም አላነሳሁም።